ሩት ካናል በጅማ፦ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ምን ይጠብቃችኋል?

ጅማ ውስጥ ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክሳል። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት ይሞክራል። ከዚያ ከፋርማሲ ማስታገሻ፣ አንዳንዱም አንቲባዮቲክ በራሱ ፈቃድ ገዝቶ ይውጣል። ሌሊቱ አልነጋ ሲለው "በቃ ይነቀልልኝና ልረፍ" ብሎ ይሄዳል። ሐኪሙ "ይሄ እኮ ሳይነቀል ይድናል፣ ሩት ካናል እንሥራለት" ሲለው ደግሞ የበለጠ ይደነግጣል። ሩት ካናል ማለት ጥርሱ ሳይነቀል ውስጡ ያለው የታመመ ሥጋ ወጥቶ፣ ቦዩ ተጠርጎ የሚሞላበት ሕክምና ነው፤ ስሙ ግን ክፉኛ ጠፍቷል። ሰው ስለ ሩት ካናል የሚያወራው ስቃይ በአብዛኛው ከሕክምናው በፊት የነበረው የጥርሱ ስቃይ ነው።

ጥርስ ውስጡ ሕይወት አለው። ላዩ ጠንካራው ኢናሜል ነው፣ ከሥሩ ዴንቲን አለ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር የሞላው ለስላሳ ሥጋ አለ። ሐኪሞች ፐልፕ ይሉታል። ይህ ሥጋ በቀጭን ቦይ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ሰው "ጥርሴን ትል በላው" ይላል እንጂ የሚቦረቡረው ባክቴሪያ ነው፤ ከስኳርና ከምግብ ትራፊ አሲድ እየሠራ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፐልፑ ጋ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፣ ይሄ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ ማበጫ ቦታ የለውም፤ ግፊቱ ነርቩ ላይ ያርፋል። ጋደም ስትሉ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ሌሊት ይብሳል።

ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶት ወዲያው የሚተው ሕመም ብዙ ጊዜ በተራ ሙሌት ይድናል። ውሃው ካለፈ በኋላም ደቂቃዎች የሚቆይ፣ ወይም ምንም ሳይነካው ብድግ ብሎ የሚነሳ ሕመም ግን ፐልፑ እንደማይመለስ ምልክት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው "ተመስገን፣ ተወኝ" ብሎ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። የተወው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ኢንፌክሽኑ ቦዩን ተከትሎ ወደ መንጋጋ አጥንት መውረዱን ይቀጥላል፣ ቆይቶም በእብጠትና በመግል ይመጣል።

ቅርንፉድን አልንቅም። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር በእውነት ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም በአንዳንዱ ጊዜያዊ ሙሌት ውስጥ ይጠቀሙበታል። ግን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲቆይ ያቃጥለዋል፣ ይልጠዋል፣ እሱ ይቅርባችሁ። አንቲባዮቲክም ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ፐልፑ ሲሞት የደም ዝውውሩም ስለሚቋረጥ መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ቦዩ ውስጥ አይገባም። የሚያስፈልገው ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያኔም ቢሆን ከጥርሱ ሕክምና ጋር።

ሕክምናው የት ይገኛል? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ። ሆስፒታሉ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በ1992 ዓ.ም ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህዶ የተመሠረተ ነው፣ የጥርስ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ይሠሩላችሁ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ጊዜ ሊወስድ ይችላል እንጂ እያንዳንዱን ደረጃ የሚያይ ሰው አለ። ከተማው ውስጥ የግል የጥርስ ክሊኒኮችም አሉ። ወንበሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ኤክስሬይ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ያለ ኤክስሬይ የሚሠራ ሩት ካናል በጨለማ እንደ መዳበስ ነው። ዋጋውንም በግልጽ ጠይቁ። የመንጋጋ ጥርስ ቦዩ ብዙ ስለሆነ ከፊት ጥርስ ይወደዳል። የተነገራችሁ ሒሳብ የመጨረሻውን ሙሌት ይጨምር እንደሆነ፣ ሽፋኑ ለብቻው ይከፈል እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

በቀጠሮው ቀን በልታችሁ ሂዱ። ባዶ ሆድ ላይ ፍርሃትና መርፌ ሲጨመር ሰው ራሱን ይስታል። ረመዳን ላይ ወይም ጾም ላይ ከሆናችሁና ሕመሙ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ቀጠሮውን ማሸጋሸግ ይቻላል፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ አትደብቁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። እኛ ከተማ ጫትም መነገር አለበት። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ብዙው የጥርስ ማደንዘዣ ደግሞ አድሬናሊን አለበት፣ እሱም ልብን ያፈጥናል። የዚያን ቀን ሳትቅሙ መሄድ ነው የሚሻለው። ቅማችሁም ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ።

መጀመሪያ የሚመጣው መርፌው ነው። ለታች መንጋጋ ጥርስ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይወጋል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ከንፈራችሁና ምላሳችሁ በአንድ በኩል ይከብዳል። በጣም የተቆጣ የታች መንጋጋ ጥርስ አንዳንዴ ማደንዘዣ አልቀበል ይላል፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ካመማችሁ አትቻሉት፣ እጃችሁን አንሱ። ተጨማሪ የሚወጋበት ሌላ ቦታና ዘዴ አለ።

ቀጥሎ ጥሩ ክሊኒክ ከሆነ ጥርሱ ላይ ስስ የላስቲክ ጨርቅ ይወጠራል፣ የሚታከመው ጥርስ ብቻ ብቅ ይላል። ለአፍ ይጨንቃል ግን ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ፣ መሣሪያና መድኃኒትም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ያደርጋል። ከዚያ ጥርሱ ከላይ ይከፈታል። የሞተ ጥርስ ከሆነ ሽታው ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። ሐኪሙ ፋይል የሚባሉ ቀጫጭን የብረት መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ወደ ቦዩ ያስገባል። 15 ቁጥሩ ጫፉ ላይ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ውፍረቱ። በጣቱ ጠምዘዝ፣ መለስ እያደረገ ይፍቃል፣ ያወጣና ይጠርጋል፣ ወደሚቀጥለው ቁጥር ያልፋል። እያንዳንዱ ፋይል ላይ ትንሽ የጎማ ምልክት አለች፤ ርዝመቱ ከሥሩ ጫፍ እንዳያልፍ የምትጠቁመው እሷ ናት፣ ትክክል መሆኑም በኤክስሬይ ይታያል። በየመሃሉ ቦዩ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል፣ በረኪና ውስጥ ያለው ነገር ማለት ነው፣ ሽታውን ትለዩታላችሁ። ባክቴሪያውንም የሞተውንም ሥጋ የሚያሟሟው እሱ ነው።

የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ግን ሦስት ሥር ኖሮት ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ ይደብቃል፤ ያቺ ካልተገኘች ጥርሱ ቆይቶ ተመልሶ ይታመማል። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ሰዓት ተኩል አፋችሁን ቢያስከፍታችሁ አትማረሩበት፤ እኔ የሚያሠጋኝ በጥድፊያ የሚጨርሰው ነው። በጣም የጠመመ ወይም የተደፈነ ቦይ ካለ ደግሞ ወደ ስፔሻሊስት፣ አንዳንዴም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊጠየቅ ይችላል።

አንዳንድ ጥርስ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ኢንፌክሽን ካለ ግን ቦዩ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ተደርጎ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋና ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ትባላላችሁ። ቤት ስትገቡ ከንፈራችሁ ገና እንደ ደነዘዘ ቡና ቢቀርብ ጠብቁ፣ ሳይታወቃችሁ ትቃጠላላችሁ። ማደንዘዣው ሲለቅ ለሁለት ሦስት ቀን ስትነክሱበት ያማል፣ ይሄ ጤናማ ነው። አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ ጨጓራ ያለበት አይቡፕሮፌኑን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። በተለይ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ የሚመጣ ሰው በቡና ለቀማ ሰሞን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ለማያመው ጥርስ ሥራ ጥሎና የመኪና ከፍሎ መመለስ ይከብደዋል። እረዳዋለሁ። ጊዜያዊው ሙሌት ግን የተሠራው ለሳምንታት ነው። ይሸረፋል፣ ምራቅ ይሰርጋል፣ ባክቴሪያው ተመልሶ ይሰፍራል፣ ያ ሁሉ ልፋትና ገንዘብ ገደል ይገባል። ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። በአንድ ቀን ማለቅ ይችል እንደሆነ ሐኪሙ ያየዋል፣ ካልሆነም ቀጠሮውን ለገበያ ወደ ከተማ ከምትወጡበት ቀን ጋር ማስማማት ይቻላል።

በመጨረሻው ቀጠሮ ቦዩ ጉታ ፐርቻ በሚባል ነገር ይሞላል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ፣ ላስቲክነት ያለው ነገር ነው። በላዩ ቋሚ ሙሌት ይደረጋል። ለመንጋጋ ጥርስ ክራውን የሚባለው ሽፋንም ይመከራል። ብዙ ክፍሉ ተቦርቡሮ የወጣ ጥርስ በቀላሉ ይሰነጠቃልና ሽፋኑ እስኪገባ በዚያ በኩል ቆሎ፣ አጥንት፣ የጫት እንጨት አይታኘክ። ሥሩ ድረስ ከተሰነጠቀ ከመንቀል ሌላ ምርጫ የለም።

በደንብ የተሠራ ሩት ካናል ከ10 ጥርስ 8 ወይም 9ኙን ለዓመታት ያቆያል። ሥሩ ጫፍ ላይ ኢንፌክሽኑ የበላው አጥንት ተመልሶ የሚሞላው ግን ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በዓመቱ አንድ ኤክስሬይ ተነሱ። የመጀመሪያውን ፊልም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት፤ ሌላ ክሊኒክ ብትሄዱ እንኳ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ አጥንቱ የተበላበት ጥቁር ቦታ መጥበቡን ሊነግራችሁ ይችላል።