የነገን ተራ ሸጦ ያልተፈተነ ልጅ መግዛት ያዋጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ወዳጅ አለኝ። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሚኖረው። መኪናውን ሲያጥብ ሁልጊዜ የሚለብሰው ቁጥር 10 የተጻፈበት፣ ቀለሙ የለቀቀ ማሊያ አለው። የዋሽንግተን የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ተጫዋች የነበረው የሮበርት ግሪፊን ማሊያ ነው። በ2012 ሲገዛው ለበዓል ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ነበር የሆነው። ያ ማሊያ በወጣ ቁጥር በመካከላችን ክርክር ይነሳል፤ ክለቡ ለዚያ ልጅ የከፈለው ዋጋ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?

ጉዳዩ ለራቀባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ 32 ክለቦች በየዓመቱ በኤፕሪል ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ይህ ድራፍት ይባላል፤ 7 ዙር አለው። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል። ተራው ደግሞ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገና ያልደረሰው የከርሞው ተራ ሳይቀር ይሸጣል። እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የቸኮለ ሰው እጣ ከወጣለት ላይ ይገዛል፤ የታገሰው በትርፍ ይሸጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በክርክሩ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የከርሞ ተራ የሰማይ ላም ናት፤ ዛሬ በእጅህ ያለው ይሻላል»

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ደጋፊው ብቻ አይደለም። የክለብ ኃላፊዎቹም አብረው ይሳሳታሉ። በክለቦቹ ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙር ተራ ዛሬ እንደ ሁለተኛ ዙር ተራ ይቆጠራል። ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ታለር የተባሉ ተመራማሪዎች የክለቦቹን ግብይት አስልተው ነበር። ታለር በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው ነው። ያገኙት ውጤት፣ ይህ ልማድ በዓመት 136 በመቶ ወለድ እየከፈሉ እንደመበደር ነው የሚል ነበር። አራጣ አበዳሪ እንኳ ይህን ለመጠየቅ ሳያፍር አይቀርም።

ታዲያ ለምን ይበደራሉ? አሰልጣኙም ጄኔራል ማናጀሩም (ተጫዋች የሚመርጠውና የሚገዛው ኃላፊ) ከርሞ በወንበራቸው ላይ ለመኖራቸው ዋስትና የላቸውም። ዕዳውን የሚከፍለው ተተኪያቸው ነው።

አሁን ወደ እቁቡ ልመለስ። እቁብ ላይ የሸጥከው እጣ መጠኑ ይታወቃል። 100 ሺህ ብር ከሆነ 100 ሺህ ነው። ድራፍት ላይ ግን የሸጥከው ነገር አንተ በተሸነፍክ ቁጥር ያድጋል። ክፉው ነገር ይህ ነው። ተራው የሚያስፈልግህ በወደቅክበት ዓመት ነው፤ ዋጋው የሚከብደውም በዚያው ዓመት ነው።

ካሮላይና ፓንተርስን ተመልከቱ። በ2023 አንደኛውን ተራ ከቺካጎ ቤርስ ለመግዛት 9ኛውንና 61ኛውን ተራ፣ የ2024 አንደኛ ዙርን፣ የ2025 ሁለተኛ ዙርን ሰጡ። ምርጥ ኳስ ተቀባያቸውን ዲጄ ሙርንም መረቁ። በተራው ብራይስ ያንግ የተባለውን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ወሰዱ። ከዚያ 17 ጨዋታ ተጫውተው ያሸነፉት 2 ብቻ ነው። አሰልጣኙ ፍራንክ ራይክ ከ11 ጨዋታ በኋላ ተሰናበተ። የመጨረሻ ስለወጡ የ2024 የመጀመሪያው ተራ የነሱ ሊሆን ነበር። ግን ሸጠውታል። ቺካጎ በነሱ ተራ ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠ።

በዚያው ድራፍት ሒዩስተን ቴክሳንስም ተበድሯል። 3ኛውን ተራ ለማግኘት 12ኛውንና 33ኛውን፣ የ2024 አንደኛና ሦስተኛ ዙርን ሰጠ። ዊል አንደርሰን የተባለ ተከላካይ መረጠ። ያኔ ብዙ ሰው ስቆባቸዋል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። አንደርሰን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። ክለቡ 10 ጨዋታ አሸነፈ። የሰጡት የ2024 አንደኛ ዙር 27ኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለቱም «የ2024 አንደኛ ዙር» ነው የሸጡት። አንዱ 1ኛ፣ ሌላው 27ኛ ሆነ።

«ይህን ያህል ከከፈሉ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው»

አያውቁም። የማሲና የታለር ጥናት ሌላም ነገር አይቷል። በአንድ የመጫወቻ ቦታ ላይ ቀድሞ የተመረጠው ልጅ፣ በዚያው ቦታ ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል 52 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድና ጎፈር ከመባባል ብዙም አይሻልም።

ቺካጎ በ2017 ከ3ኛ ወደ 2ኛ ተራ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ ለመውጣት፣ ሁለት ሦስተኛ ዙርና አንድ አራተኛ ዙር ተራ ከፈለ። የወሰደው ሚች ትሩቢስኪን ነው። በዩኒቨርሲቲ በቋሚነት የተሰለፈው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በዚያው ድራፍት ፓትሪክ ማሆምስ 10ኛ፣ ዴሾን ዋትሰን 12ኛ ተመረጡ። ቺካጎ በ3ኛ ተራው አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ ሁለቱም ፊቱ ነበሩ።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው እውቀት አይደለም። «ሌላው ይቀድመኛል» የሚለው ስጋት ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ገዢ ሲቆም ባለሱቁ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

«ኳርተርባክ ከሆነ ዋጋ አይጠየቅም፤ ማሆምስን አየህ አይደል?»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ 27ኛውን ተራ፣ አንድ ሦስተኛ ዙርና የ2018 አንደኛ ዙርን ለበፋሎ ቢልስ ሰጥቶ ማሆምስን ወሰደ። ከዚያ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ በላ። ማንም ዋጋው በዛ አይልም።

ጥሩ ኳርተርባክ በጀማሪ ደሞዝ ማግኘት ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ጠቃሚ ሆኗል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ነበር የፈረመው። በ2011 የጀማሪ ደሞዝ ጣሪያ ሲወጣ፣ አንደኛው ካም ኒውተን በጠቅላላው 22 ሚሊዮን ብቻ ሆነለት። የተረፈው ገንዘብ ሌላ ተጫዋች ይገዛል።

ግን ማሆምስን የገዛው ክለብ ምን ዓይነት ነበር? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 12 ጨዋታ አሸንፎ 4 ብቻ የተሸነፈ ነው። አሌክስ ስሚዝ የሚባል ልምድ ያለው ኳርተርባክ ነበረው። ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት ተቀምጦ ነው ያሳለፈው፤ የተሰለፈው በመጨረሻው ጨዋታ ብቻ ነው። የሸጡት የ2018 ተራም 22ኛ ሆነ። ቤቱ የሞላ ሰው ነው የተበደረው። ማሆምስን ምሳሌ እያደረገ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ባዶ የሆነው ነው፤ ልጁንም ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዳ ይጥለዋል።

«ዋሽንግተን የከሰረው ግሪፊን ብቃት ስላልነበረው ነው»

እዚህ ጋ ከወዳጄ ጎን እቆማለሁ። ዋሽንግተን ሦስት አንደኛ ዙርና አንድ ሁለተኛ ዙር ተራ ራምስ ለተባለው ክለብ ሰጥቶ ነው 2ኛውን ተራ የገዛው። የዛን ዓመት ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። ክለቡ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን አሸነፈ። ማሊያው በሊጉ ከማንም በላይ ተሸጠ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ እሁድ ቴሌቪዥኑን ከእንግሊዝ ኳስ ወደዚህኛው ሲቀይሩ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር፣ በክለቡ ሜዳ ላንዶቨር ላይ፣ ጉልበቱ ተጎዳ። ቀድሞም ያነክስ ነበር፤ ሁላችንም እያየን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ 3 ብቻ አሸነፈ። የ2014 አንደኛ ዙር ተራው 2ኛ ሆነና ወደ ራምስ ሄደ።

ሦስት አንደኛ ዙር በአንድ ጉልበት ላይ ነበር የተቀመጠው። ስህተቱ ልጁን መምረጡ ላይ አይደለም። በዚያው ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ ይኸው ክለብ ከርክ ከዝንስን መረጠ። ኋላ ለሦስት ዓመት ቋሚ ኳርተርባክ ሆኖ የጠቀማቸውም እሱ ነው። ለሱ ምንም ተጨማሪ አልከፈሉም።

«ተራውን የሰበሰበው ግን ሁሌም ያተርፋል»

ዲሴምበር 2014 ራምስ ወደ ላንዶቨር መጣ። ለሳንቲም ውርወራው አሰልጣኙ ጄፍ ፊሸር ስድስት አምበል ላከ። ስድስቱም በግሪፊን ግብይት በተገኘ ተራ የተመረጡ ነበሩ። ጨዋታውንም 24 ለ 0 አሸነፉ። ወዳጄ ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ወጣ።

ግን ሳቁ የአንድ ቀን ነበር። ከዋሽንግተን በደረሳቸው በ2014ቱ 2ኛ ተራ የመረጡት ግሬግ ሮቢንሰን አልሆነላቸውም። ራምስ ከሽንፈቱ ድሉ የበዛበትን ዓመት ያየው በ2017 ነው፤ ያውም አሰልጣኝ ቀይሮ። ክሊቭላንድ ብራውንስ ደግሞ በ2011 ለአትላንታ ጁሊዮ ጆንስ የተመረጠበትን ተራ ሰጥቶ አምስት ተራ ተቀበለ። ጆንስ ከሊጉ ምርጥ ተቀባዮች አንዱ ሆነ። ክሊቭላንድ ከአምስቱ ተራ የሚተርፍ ሰው አላገኘም። ሰባት ዙር ሙሉ ተራ ቢኖርህም የሚመርጠው ዓይን ከሌለህ ምን ዋጋ አለው?

«ሊጉ ውስጥ የገባ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ከሚመጣው ይሻላል፤ ቢያንስ ታይቷል»

ምኑ ታየ? ቁም ነገሩ እሱ ነው። በ1998 በፋሎ 9ኛውን ተራና አንድ አራተኛ ዙር ለጃክሰንቪል ሰጥቶ ሮብ ጆንሰን የሚባል ኳርተርባክ ገዛ። በቋሚነት የተሰለፈው አንድ ጨዋታ ነበር፤ ያቺን ጥሩ ተጫውቷታል። በፋሎ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ በደግ ፍሉቲ ተተካ። ጃክሰንቪል በ9ኛው ተራ ፍሬድ ቴይለርን መረጠ፤ እሱ በሊጉ ኳስ ይዞ ከ11 ሺህ ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) በላይ ሮጠ።

በ2013 ኢንዲያናፖሊስ ትሬንት ሪቻርድሰንን ለማግኘት የ2014 አንደኛ ዙሩን ለክሊቭላንድ ሰጠ። በዚያ ዓመት ልጁ ኳስ ይዞ በሮጠ ቁጥር በአማካይ 2.9 ያርድ ብቻ ያገኝላቸው ነበር። ክሊቭላንድ በበኩሉ ያቺን ተራ ተጠቅሞ ጆኒ ማንዜልን መረጠ፤ በሁለት ዓመቱ አሰናበተው። እንግዲህ ሁለቱም ከስረው የተለያዩበት ገበያ ይህ ነው።

በተቃራኒው ኳርተርባኩ ብሬት ፋርቭ አለ። አትላንታ እያለ በሊጉ የወረወረው 4 ኳስ ነው። አንዱንም ጓደኛው አልያዘውም፤ ሁለቱን ተጋጣሚ ቀማው። ግሪን ቤይ በ1992 አንደኛ ዙር ተራ ሰጥቶ ሲገዛው እብደት ይመስል ነበር። የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሦስት ዓመት አከታትሎ ወሰደ። ግን የገዛው ጄኔራል ማናጀር ሮን ዎልፍ በእነዚያ አራት ኳሶች አልፈረደበትም። ከአንድ ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ጄትስ ሲሠራ ልጁን አጥንቶት፣ ሊመርጠው ፈልጎ ነበር። አትላንታ በ33ኛ ተራ ቀደመው፤ ጄትስ 34ኛ ነበር። ሮብ ጆንሰንን የገዙት አንድ ጥሩ ከሰዓት አይተው ነው፤ ዎልፍ ግን ልጁን አስቀድሞ ያውቀዋል።

«አንድ እንዲህ ያለ ስህተት ክለብ ያፈርሳል»

ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ለ3ኛው ተራ ሦስት አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ሰጠ። ትሬይ ላንስ የተባለ ኳርተርባክ መረጠ። ልጁ በኮቪድ ምክንያት በመጨረሻው የዩኒቨርሲቲ ዓመቱ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። ለሳን ፍራንሲስኮ በቋሚነት የተሰለፈው 4 ጊዜ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፣ በ2023 በአንድ አራተኛ ዙር ተራ ለዳላስ ተሸጠ። ከዚህ የከፋ ግብይት መቁጠር ይከብዳል።

ክለቡ ግን አልፈረሰም። ማሸነፉን ስላላቆመ የሸጣቸው የ2022ና የ2023 ተራዎች ሁለቱም 29ኛ ላይ ነው ያረፉት። በ2022 ደግሞ በድራፍቱ የመጨረሻ፣ በ262ኛ ተራ፣ ሌላ ኳርተርባክ፣ ብሮክ ፐርዲን፣ መረጠ። ደሞዙ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ፌብሩዋሪ 2024 ክለቡን ሱፐር ቦውል ያደረሰው እሱ ነው።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው «እኛም እኮ ከዝንስ ነበረን» አለ። ከዚያ ማሊያውን ጨምቆ አጥሩ ላይ አሰጣው።