ያረገዘች ውሻ በአደራ ስትገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመንገድ የተነሣች፣ ሆዷ የገፋ ውሻን እስክትወልድና ቡችሎቿ እስኪጠነክሩ ማስጠለል የሁለት ሦስት ወር አደራ ነው። ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ውሻዋ ግቢ በገባች ማግስት የጎረቤት ምክር ይጎርፋል። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል። አብዛኛው ግን ከላም በረትና ከአራስ ቤት የተወሰደ ስለሆነ፣ ለውሻ ሲሆን ይስታል።

«የቤቱን ትብላ፣ ፍትፍት ይበቃታል»

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የውሻ እርግዝና ደግሞ በአማካይ 63 ቀን። ሁለቱ ከገጠሙ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ፣ ወጡ ሁሉ ሽሮና ምስር ሆኖ፣ ውሻዋ እንጀራ ብቻ እየበላች ምጧ ይደርሳል። ቡችሎቹ ከስተው ይወለዳሉ፣ ወተቷም አይበቃቸውም። ወጡ ራሱ ሌላ ጉዳት አለው፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጾሙ የሰው ነው። ለእሷ እንቁላል ቀቅሉላት፤ የጣና ዓሣ ከተገኘ አጥንቱን ለቅማችሁ ስጧት። ሩዝና ክክ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅለው መሙያ ይሆናሉ እንጂ ምትክ አይሆኑም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ማሕፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫነው ምግቡን በቀን አራት ጊዜ ከፋፍሉት። ስታጠባ፣ በተለይ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት፣ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች፤ አትከልክሏት።

በፋሲካ የሚጣለውን ጥሬ ጉበትና ሳንባ ግን አትስጧት። ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ለሰው የሚተርፍ የኮሶ ትል ዓይነት ያስይዛታል። በደንብ ሲበስል ብቻ ነው የሚሰጣት።

«ካልሲየም ይጠናከርላት»

በእርግዝና ወቅት የካልሲየም ኪኒን ወይም የአጥንት ዱቄት መጨመር እንዲያውም አደጋ ያመጣል። ከውጭ ሲትረፈረፍላት ሰውነቷ ካልሲየም ከአጥንቷ የማውጣት ሥራውን ይዘነጋል። ከወለደች በኋላ ወተቱ በድንገት ሲስበው ደሟ ባዶ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ትቅበዘበዛለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ከዚያም ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ይህ ለነገ የማይባል ነው። ቡችሎቹን ከጡቷ ለዩና ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፤ መድኃኒቱ በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ፣ ልቧ እየተደመጠ የሚሰጥ ካልሲየም ነው።

«ውሻ ራሷ ታውቃለች፤ ሰው ምን ያደርጋል?»

ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ ያለ ሰው እርዳታ ይወልዳሉ፤ ያስጠለላት ሰው ሥራም እጁን ሰብስቦ ሰዓት መቁጠር ነው። ችግሩ፣ የማታውቀው ነገር ሲመጣ እጁን የሚያስገባበትን ደቂቃ የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

የመንገድ ውሻ መቼ እንዳረገዘች አይታወቅም። ስለዚህ ጡቷ ሲሞላ ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብታችሁ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣዋ ለኩ። ጤነኛ ውሻ ከ38 ዲግሪ በላይ ናት፤ ከ37.2 በታች ከወረደች ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራታል። መጀመሪያ ምግብ እምቢ ትላለች፣ መኝታዋን ትቆፍራለች፣ ታለከልካለች፤ ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ አትረብሿት። ማማጥ ከጀመረች በኋላ ግን ሰዓት ያዙ። 30 ደቂቃ በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ገና ሆዷ ውስጥ ቡችላ እያለ ካለፈው ቡችላ በኋላ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ወይም አንድም ሳትወልድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ሐኪም ይጠራ። ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ የሚመጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ግን የእንግዴ ልጁ ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥም። ስልኩ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቁጥር አይፈለግም።

ከብት ያዋለደ ሰው የኋላ እግር ሲያይ ለመሳብ ይቸኩላል። በውሻ ግን የኋላ እግሩ ቀድሞ የሚመጣ ቡችላ ብዙ ነው፤ በአብዛኛው በራሱ ይወጣል። የምጥ መርፌም ያለ ሐኪም ምርመራ አይወጋ፤ መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ማሕፀኗ ሊቀደድ ይችላል።

ቡችላው በስስ ከረጢት እንደተጠቀለለ ወጥቶ እናቱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልቀደደችው ያኔ እጃችሁ ይግባ። ከረጢቱን ከአፍንጫው በኩል በጣታችሁ ቅደዱ፣ አፉን ጥረጉ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን በደረቅ ፎጣ እሹት። መጀመሪያ ልፍስፍስ ነው፤ ከዚያ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ቀይ ይለወጣል፣ በመጨረሻም ይጮኻል። አወዛውዛችሁ ውኃ ለማስወጣት አትሞክሩ፤ አንጎሉ ይጎዳል። እትብቱን ከሆዱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ በተቀቀለ ክር እሰሩ፣ ከክሩ ወዲያ በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፣ ጫፉን አዮዲን ቀቡ። ከዚያ ወደ ጡቷ፤ እንገሩን በመጀመሪያው ቀን ካልጠባ መከላከያ የለውም።

«ሰው የነካውን እናቱ ትበላዋለች»

በእጅ ሽታ ምክንያት አትበላም። የምትረበሸው የሰፈር ልጅ ሁሉ ሊያይ ሲመጣ ነው፤ በሩን ዝጉ። የለመደችው አንድ ሰው ግን በየቀኑ ቡችሎቹን በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን አለበት። ሲወለድ 300 ግራም የነበረ ቡችላ በ10ኛው ቀን 600 ገደማ መድረስ አለበት፤ አንድ ቀን ሙሉ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ወተታሙ ጡት ይቀርባል።

«ብርድ ከሆነ ከሰል ይግባላቸው»

ዝግ ክፍል ውስጥ የገባ ከሰል እናቱንም ቡችሎቹንም ይገድላል፤ ሰውንም ጭምር። ብርዱ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት መኝታቸው 30 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ የእንጅባራም ሆነ የደብረ ማርቆስ የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በጣም ይርቃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና በሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ አስቀምጡ፤ የሞቀው ቡችላ የሚሸሽበት ቦታ ያግኝ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ውኃው ይቀየር። በሳጥኑ ግድግዳ ዙሪያ፣ ከወለሉ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ እንጨት ብትመቱ፣ እናቱ ስትተኛ ቡችላው ከግድግዳው ጋር አይጨፈለቅም።

የቀዘቀዘ ቡችላ ሲገኝ ቶሎ ወተት መስጠት ይቀናናል። አትስጡ፤ አንጀቱ ቆሟል፣ ወተቱ አይፈጭም። ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ አሙቁት፤ ሲሞቅና መጥባት ሲጀምር ይመገባል።

«ወተቷ ካነሰ የላም ወተት አለ»

የውሻ ወተት ፕሮቲኑም ቅባቱም ከላም ወተት እጥፍ ገደማ ነው፤ የላም ወተት በአንጻሩ ስኳሩ ስለሚበዛ ያስቀምጣቸዋል። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይፈለግ። በጀርባው አስተኝታችሁ አታጥቡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በሆዱ ይተኛ።

«የትል መድኃኒት ያው ነው»

ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል ለእርጉዝ ውሻ አይሰጥም፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌም የቡችሎቹን ጥርስ ያበላሻል። ትሉ በእንግዴ ልጁና በወተቱ ስለሚተላለፍ ቡችሎቹ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከእናታቸው ጋር፣ ሐኪሙ በክብደታቸው ልክ ባዘዘው መድኃኒት ይታከማሉ።

«ቤት ውስጥ ስላለች አታብድም»

ከመንገድ የመጣች ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ከመግባቷ በፊት ይዛው ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ወራት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ቡችሎቿን ስትከላከል ብትነክስም ነገሩ አይናቅ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ስለማይድን ክትባቱን የሚተካ ሥር የለም።

«ወር ከሞላቸው ይሰጡ»

በአራት ሳምንት ቡችላው ምግብ መቅመስ ጀመረ እንጂ ጡት አልተወም። ሲጫወት አጥብቆ አለመንከስን ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚማረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ እስከ ስምንት ሳምንት ይቆይ። ሴቶቹን የሚወስድ እንደማይበዛ ታውቃላችሁና ለእነሱ ቤት መፈለጉን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ። እናታቸውም ከወለደች ከአራት ወር ገደማ በኋላ ዳግም ልትፈልግ ትችላለች፤ የማምከን ቀጠሮዋ ጡቷ እንደደረቀ፣ ወደ መንገድ ሳትመለስ ይያዝላት።