ማርስ ላይ ክብ ድንጋይ ሁሉ የወንዝ ጠጠር አይደለም

«ደለል አለት» (ተነጥፎ የተከማቸ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ጠጠር ጠንክሮ የሚሠራው ድንጋይ) ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ውሃ ይታየዋል። ደለል ግን ነፋስም ያነጥፋል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት የቅንጣቱ መጠን ነው። የማርስ አሳሽ ሮቦት ኪዩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ጌል በተባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ያገኘው አለት፣ ጠርዛቸው የተሞረደ ጠጠሮች በአሸዋ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ትልልቆቹ የጎልፍ ኳስ ያህላሉ። የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ያን የሚያህል ድንጋይ አያንከባልልም። ወራጅ ውሃ ነበር ማለት ነው።

አሳሳቹ ሌላው ክብ ነገር ነው። ሌላዋ አሳሽ ሮቦት ኦፖርቹኒቲ በ2004 ሜሪዲያኒ ሜዳ ላይ ያገኘቻቸው፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሰፉ የሄማታይት (ብረት ያለበት ማዕድን) ድብልብሎች ከየትም ተንከባለው አልመጡም። የከርሰ ምድር ውሃ በአለቱ ውስጥ ሲሰርግ እዚያው ያደጉ ናቸው። በምን ይታወቃል? ወራጅ ውሃ ቢያመጣቸው በአንድ ንብርብር ላይ ይከማቹ ነበር፤ እነሱ ግን ንብርብሩን ሳይከተሉ በአለቱ ውስጥ ተበትነዋል። መሬት ላይ ተዘርግፈው መታየታቸው አያታልል፦ ጠንካራ ስለሆኑ፣ ነፋስ ለስላሳውን አለት ሲበላው እነሱ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱም ውሃ ይመሰክራሉ፤ አንዱ የወንዝ፣ ሌላው ከመሬት በታች ያለ።