ነባራዊ የሥራ ሂደት ጥናት በጎንደር፦ አሠራር ከመለወጥና አቅራቢ ከመምረጥ በፊት

ነባራዊ የሥራ ሂደት ጥናት አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት አሠራሩን ከመለወጡ፣ ሶፍትዌር ወይም መሣሪያ ከመግዛቱና አቅራቢ ከመምረጡ በፊት ሥራው ዛሬ በተጨባጭ እንዴት እንደሚከናወን፣ ማን ከማን ምን እንደሚቀበል፣ ጊዜና ገንዘብ የት እንደሚባክን በገለልተኛ ዓይን የሚመረመርበት ሥራ ነው። በግል ኩባንያዎች ዘንድ ቢዝነስ አናሊሲስ የሚለው ስም ይዘወተራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር ከሚባለው፣ ጋር አብሮ ስለገባ «የነባሩ ሂደት ጥናት» በሚል ይታወቃል።

የሥራን ቅደም ተከተል በምልክት ስሎ የመመርመር ዘዴ ብዙውን ጊዜ ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረት በ1921 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ካቀረቡት የሂደት ሰንጠረዥ ጋር ይያያዛል። የቢዝነስ ትንተና (ቢዝነስ አናሊሲስ) ሙያ ዓለም አቀፍ ተቋም ያገኘው በ2003 እ.ኤ.አ. በካናዳ ነው።

ጎንደር ልማዱን ከቢሮ ይልቅ በሕክምና በኩል ቀድማ ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ ከተነሣው ከባድ የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በአንድ ቡድን አሠልጥኖ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። የሥልጠናው መንፈስ ከመድኃኒቱ በፊት የአካባቢውን ውኃ፣ መኖሪያና በሽታ ማወቅ ነበር። ይህን የቢዝነስ ትንተና ቀዳሚ አድርጎ መቁጠር ሊያከራክር ይችላል፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መወሰን የሚለው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። ኮሌጁ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ጥናቱ በየቢሮው በስፋት የገባው በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ዘመን ነው። ማሻሻያው የወጪ አስተዳደርን፣ የሰው ሀብት አስተዳደርን፣ የአገልግሎት አሰጣጥን፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓትንና ሥነ ምግባርን የሚመለከቱ አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነበሩት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻና ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ቢፒአር የሁሉም መሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆነ። የጥናት ቡድኖች ከመደበኛ ሥራቸው ተነሥተው፣ ባለጉዳይ ከበር ገብቶ እስኪወጣ የሚያልፍበትን ቅብብሎሽ በትልልቅ ወረቀት ሣሉ፤ ፊርማ ቆጠሩ፤ ቀናትን ለኩ። ዋና የሥራ ሂደት፣ ደጋፊ የሥራ ሂደት፣ ፈጻሚ የሚሉት ቃላት የዚያ ዘመን ትሩፋቶች ናቸው። አንድ ጉዳይ ሳምንት ፈጀ ሲባል እጅ የነካው ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ የቀረው ጠረጴዛ ላይ የተኛበት ጊዜ መሆኑን ብዙ ሠራተኛ ያኔ በቁጥር አየ፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

የዘመኑ ድካም ገለልተኝነት ላይ ነበር። ከጥናቱ በኋላ የሠራተኛ ድልድል እንደሚመጣ ስለሚታወቅ፣ ስለ ሥራው የሚጠየቀው ሰው ስለ መደቡም እየተጠየቀ እንደሆነ ይሰማው ነበር። በዚህም ምክንያት መልሱ የሚሠራውን ሳይሆን ሊሠራ ይገባዋል የተባለውን ወደ መግለጽ ያደላል። ለነባሩ ሂደት ምን ያህል ጊዜ ይሰጥ በሚለው ላይም ሐሳብ የተከፋፈለ ነው። የቢፒአር ፈር ቀዳጆች ሐመርና ቻምፒ ነባሩን መረዳት እንጂ በዝርዝር መበተን አያስፈልግም ይላሉ። ምክሩ ለሚሰናበት አሠራር ይበጅ ይሆናል፤ ሶፍትዌር ለሚገዛ ግን አይበቃም፤ ሶፍትዌር ጥቃቅኑን ካላወቀ ይቆማልና።

የንብረት ክፍልን እንውሰድ። በደንቡ ጠያቂው ክፍል ሞዴል 20 የተባለውን የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፣ የገባ ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ቢን ካርድም ያንኑ ይከተላል። አጥኚው መመሪያውን ብቻ ካነበበ ሁሉም ልክ ነው። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቢቀመጥ ግን አስቸኳይ ዕቃ በቃል ወጥቶ ሞዴሉ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ሲሞላ ሊያይ ይችላል። ይህን ያላየ ጥናት ይዞ የተገዛ ሶፍትዌር ቀሪውን ዕቃ ሁልጊዜ አሳስቶ ያሳያል፣ ጥፋቱም በሶፍትዌሩ ይላከካል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት ቃለ መጠይቅን፣ የሰነድ ናሙናንና በዓይን ማየትን ያጣምራል፤ ሦስቱ በማይስማሙበት ቦታ ላይም ረዘም አድርጎ ይቆማል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ካይዘን፣ ማለትም የጃፓኖች የተከታታይ ማሻሻያ ፍልስፍና፣ ከ5ቱ ማዎች (የሥራ ቦታን ከማደራጃ አምስት ደረጃዎች) ጋር ይኸንኑ በዓይን የማየት ልማድ አበርትቷል።

አቅራቢ መምረጥን በተመለከተ የፌዴራል ተቋም የሆነው ዩኒቨርሲቲ በፌዴራል የግዥ ሕግ፣ የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በክልሉ ሕግ ይሠራሉ። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በ649/2001 መሠረት የቴክኒክ ዝርዝር የንግድ ምልክት መጥቀስ አልነበረበትም፤ በሌላ መንገድ መግለጽ ካልተቻለ ደግሞ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል መጨመር ነበረበት። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በተግባር ጥናትን ግድ ይላል፤ ፍላጎቱን በራሱ ቃል መጻፍ ያልቻለ ገዢ አንድ ሻጭ ካመጣው ብሮሹር መገልበጡ አይቀርምና። ከፒያሳ እስከ አራዳ ባለው የግል ንግድ የጽሑፍ ጥናት እምብዛም አይታይም፤ ነጋዴው ጎረቤቱ የሚጠቀምበትን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ጠይቆ ይገዛል።

ነጻ ጥናት እናድርግላችሁ የሚል አቅራቢ ሲመጣ ጥያቄው ይበረታል። ሻጭ ያጠናው ችግር መፍትሔው ሁልጊዜ የሻጩ ዕቃ ይሆናል። በዓለም ባንክ የግዥ ደንብም ዝርዝሩን ያዘጋጀ አማካሪ ያንኑ ዕቃ ለማቅረብ እንዳይወዳደር የጥቅም ግጭት ክልከላ አለ። አቅራቢዎች ከመጡ በኋላም ማብራሪያቸውን ብቻ ከመስማት ይልቅ፣ ከጥናቱ የወጡ አምስት ስድስት እውነተኛ ጉዳዮችን፣ በቃል ወጥቶ በማግሥቱ የተመዘገበውን ዕቃ ጨምሮ፣ ሰጥቶ በፊት ለፊት እንዲሠሩ ማድረግ ልዩነታቸውን ፈጥኖ ያወጣዋል። የዋጋ ንጽጽሩም የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የዓመት ፈቃድ ክፍያን፣ ሥልጠናን፣ ጥገናንና ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣን ባለሙያ አበል መያዝ ይኖርበታል።