ቅይጥ እጅ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ደጃፍ ቡና እየጠጣን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ ብይ ይጫወታል። ብዩን የሚያስፈነጥረው በግራው ነው፤ የቤት ሥራውን የሚጽፈው ግን በቀኙ። ይህን ያዩ አንድ እናት ሲኒያቸውን አስቀመጡና የልጁን እናት «ልጄ፣ አንድ እጅ አስይዢው እንጂ! ጥናት ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት አይገባውም አሉ» አሏት። እሷም ልጁን ጠርታ ብዩን በቀኙ አስያዘችው። ሳተ።

ቅይጥ እጅ ማለት ይኸው ነው፦ አንዱን ሥራ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ መሥራት። አማርኛችን ለግራኝ ስም አለው፤ ለዚህ ስላጣሁለት እኔው ቅይጥ አልኩት። በሁለቱም እጅ እኩል መጻፍ ከዚህ ይለያል፤ እንዲያ የሚችል ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ጥናት የተባለውስ? በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አለ። በሰሜን ፊንላንድ ወደ 8,000 የሚጠጉ ልጆችን የተከታተለ ሲሆን፣ ቅይጥ እጅ የነበሩት 87 ብቻ ናቸው። በ7 እና በ8 ዓመታቸው የቋንቋና የትምህርት ችግር ቀኛቸውን ከሚጠቀሙት በእጥፍ ገደማ ታይቶባቸዋል። ዜናው «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ይዞ ሮጠ። የምን እጥፍ? ለምሳሌ ከ100 ልጆች የሚቸገሩት 5 ቢሆኑ እጥፉ 10 ነው፤ 90ዎቹ ደኅና ናቸው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አብዛኞቹ ቅይጥ እጆች እንዲህ ያለ ችግር እንደማይገጥማቸው ተናግረዋል። እጁ ችግሩን አመጣውም አላሉም። ታዲያ እጅ ማስቀየር ምን ይፈውሳል? የሚያስለውን ሰው አፉን እንደ መያዝ ነው።

ጥርጣሬው ግን ከፊንላንድ አልመጣም። ጠዋት «በቀኝ አውለኝ» ብለን የምንወጣ፣ ነገር ሲጠፋን «ግራ ገባኝ» የምንል ሰዎች ነን፤ ዜናው የድሮውን ጥርጣሬ ማኅተም መታበት እንጂ። ማዕድ ላይ በቀኝ መጉረስ ወግ ነው፤ ልጁ ይማረው። ብይ ግን ማዕድ አይደለም።

በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 12፣ ከዳዊት ጋር የተሰለፉ፣ በቀኝም በግራም እጃቸው ድንጋይ የሚወነጭፉ ሰዎች እንዳሉ ለእኚያ እናት አስታወስኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እነሱማ ጦረኞች ናቸው» አሉ። ቶናው ቀረበ።