ሰርኪት ቤንዲንግ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ማሲንቆና ኪቦርድ አንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ የማይቀር ጭቅጭቅ አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው። ጉሮሮው ከከበደው ዝቅ ያደርገዋል፣ ከቀናው ከፍ። ኪቦርዱ ግን ፋብሪካ ከሰጠው ቃና ንቅንቅ አይልም። ኪቦርዲስቱ ሁሉንም ቁልፎች አንድ ላይ የሚያነሳውን ወይም የሚያወርደውን ትራንስፖዝ የሚለውን ይጫናል፤ አንድ ግማሽ ቶን ወደ ላይ፣ ወይ አንድ ወደ ታች። ማሲንቆው ከሁለቱ መሃል ላይ ካረፈስ? ብዙ ርካሽ አሮጌ ኪቦርዶች መሃል የሚባል ነገር አያውቁም። ስለዚህ አዝማሪው መቃኛውን እያጠማዘዘ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ድምፁም አብሮ ይጎተታል።

ሰርኪት ቤንዲንግ ማሽኑ ወደ ማሲንቆው እንዲመጣ ማድረግ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በጩኸቱ ነው፤ እሱ ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ኪቦርድ ወይም ድምፅ ያለው የልጆች መጫወቻ ይከፈታል። ከዚያ ቦርዱ ላይ ፋብሪካው ያላሰበው ግንኙነት ይፈጠራል። ጥገና አይደለም። ጠጋኝ የተበላሸውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ይሄኛው ደህናውን ሆን ብሎ ያጣምመዋል።

ስሙን ያወጣለት ሪድ ጋዛላ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገና ወጣት ሳለ፣ ሽፋኗ የተከፈተ ትንሽ አምፕሊፋየር መሳቢያው ውስጥ ትቶ ነበር። ሆዷ ከብረት ጋር ተነካካና ሾርት አደረገች። በመቃጠል ፈንታ ሲንተሳይዘር የሚመስል ድምፅ ማውጣት ጀመረች። እኛ ቤት ቢሆን «ኮንታክት ፈጠረ!» ተብሎ ባትሪው ይነቀል ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ ሰማት። ከዚያ በኋላ የካሲዮ ትንንሽ ኪቦርዶች የዚህ ሥራ ወዳጆች ዋና ማሽን ሆኑ። ከሁሉም ኤስኬ-1 ትወደዳለች። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣች፣ 32 ትንንሽ ቁልፎች ያላት ናት። በራሷ ማይክ ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ድምፅ ትቀዳና በቁልፎቿ ላይ ታጫውተዋለች። የማሲንቆ አንድ ስበት ቢቀዳባት ሻካራ ሆኖ ይወጣል፤ ለእኔ ሻካራነቱ ነው የሚጥመው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዲጂታል ኪቦርዶች ውስጥ ክሎክ የሚባል ክፍል አለ። በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ወይም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ምት ይሰጣል። ቺፑ ድምፅ የሚሠራው ይህን ምት እየቆጠረ ነው። ምቱ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ክሎኩን እጥፍ ካደረጉት ኪቦርዱ በሙሉ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። 6 በመቶ ገደማ ቢያፈጥኑት ግማሽ ቶን ከፍ ይላል፤ ይህንን ትራንስፖዝም ይሠራዋል። 3 በመቶ ገደማ ሲሆን ግን በ440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት) የነበረው ላ የሚባለው ኖታ 453 አካባቢ ይደርሳል። አዝማሪውና ኪቦርዲስቱ የሚጨቃጨቁባት መሃል ይቺው ናት።

አሠራሩ እንደ ቦርዱ ይለያያል። አንዳንዱ ላይ የክሎኩን ፍጥነት የምትወስነው አንዲት ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ ትንሽ ክፍል፣ ናት። እሷን ነቅሎ በቦታዋ ፖቴንሽዮሜትር፣ ጠጋኞች ቮሊዩም የሚሉትን እየተጠመዘዘ የሚስተካከል ሬዚስተር፣ በስታኞ መበየድ ነው። ከቮሊዩሙ ጋር አንድ ትንሽ ሬዚስተር በተከታታይ ይግባ። አለዚያ እስከ ጫፍ ሲጠመዘዝ ዜሮ ይደርስና ቺፑ ይደነዝዛል። የክሎኩን ምት በአንድ ፍጥነት የሚያጸና ክሪስታል የሚባል ክፍል የተገጠመበት ከሆነ ሬዚስተር መቀየር አይበቃም። ክሪስታሉን አውጥቶ ፍጥነቱ የሚስተካከል ሌላ ክሎክ ማስገባት ያስፈልጋል። ለዚህ ኤልቲሲ1799 የምትባል ቺፕ የታወቀች ናት፤ ፍጥነቷ በአንድ ሬዚስተር ይስተካከላል፣ በውስጧ ካለው ማካፈያ ጋር ከ1 ኪሎኸርዝ እስከ 33 ሜጋኸርዝ ትሄዳለች። የምትፈልገው ግን ከ5.5 ቮልት ያልበለጠ ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ከማብላት በፊት በቴስተር ይለካ።

የትኛው ነጥብ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሚታወቀው ዘዴ ጣትን ማራስ ነው። ኪቦርዱ በባትሪ በርቶ፣ አንድ ቁልፍ ተይዞ፣ በረጠበ ጣት የቦርዱ ጀርባ ላይ ያሉትን የስታኞ ነጥቦች መነካካት። ክሎኩ አጠገብ ሲደረስ ድምፁ ጎበጥ ይላል፣ እንደሚያለቅስ ሰው ይንቀጠቀጣል። ሰውነት ራሱ ሬዚስተር ሆኖ ስለገባ ነው። ይህ የሚደረገው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ በተሰካ ዕቃ ከሞከሩት 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም። መብራት ከተነቀለም በኋላ ትልልቅ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። አዳፕተሩን ሙሉ በሙሉ መርሳት ነው።

ሁለት ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። አንደኛ፣ በብዙዎቹ ላይ ሪትሙም የሚሄደው በዚያው ክሎክ ነው። ድምፁ ሲወርድ ከበሮውም ይጎተታል። አብሮ የተጫነውን ሪትም የሚጠቀም ሰው ይናደዳል፤ ከአዝማሪ ጋር ለሚጫወት ግን ያን ያህል ችግር አይደለም። ሁለተኛ፣ ክሎክ ሁሉንም ቁልፎች እኩል ነው የሚያንቀሳቅሰው። በቁልፎቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በኪቦርድ ሲሰሙ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» የሚሉ ሰዎች ቅሬታቸው ርቀቱ ላይ ነው፤ ለእነሱ ቮሊዩሟ መልስ የላትም። እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ መቃኘት የሚያስችል አዲስ ኪቦርድ ይፈልጋሉ።

የሚሠራ ደህና ሲንተሳይዘር ያለው ሰው ካቻቢቴ ባያነሳ ይሻላል። ለዚህ የሚሆነው ሰው የጣለው ትንሹ ኪቦርድ ነው። ቁልፎቹ አልነካ ካሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከስር ያሉት ጥቋቁር ኮንታክቶች በአልኮልና በጥጥ ይጠረጉ። አቧራና እርጥበት ያዘጋቸዋል፤ ጣና ዳር ክረምቱን ከርሞ ከሆነማ አይጠየቅም።

ቮሊዩሟ ከገባች በኋላ የድሮውን ሬዚስተር ወይም ክሪስታል አለመጣል ነው። በትንሽ ማብሪያ በኩል ይመለስ። በአንድ በኩል ፋብሪካው የሰጠው ቃና፣ በሌላው የተጣመመው። ማሲንቆው ከመድረክ ወርዶ ቤዝ ጊታሩ ሲወጣ ኪቦርዲስቱ ማብሪያዋን ጠቅ አድርጎ ወደ 440 ይመለሳል፤ ቤዝ ጊታሪስቱም አይኮሳተርም።