«እንዲከላከል ተበየነ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዜና ላይ ደጋግመን እንሰማዋለን። «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ እንዲከላከሉ ብይን ሰጠ።» እኔ ለረጅም ጊዜ ይህን ስሰማ «በቃ፣ ጥፋተኛ ተባሉ» እል ነበር። ተሳስቼ ነበር። ታክሲ ውስጥ ዜናው ሲነበብ «አለቀለት» የሚል ሰው ስለማይጠፋ፣ ስህተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

ይህ ብይን የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። በክርክሩ መሀል የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ሰነዶቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኞቹ ይህን ይመረምራሉ፦ የቀረበው ማስረጃ ካልተስተባበለ ሰውየውን ጥፋተኛ ያሰኛል ወይ? አያሰኝም ካሉ፣ በ1954 ዓ.ም በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ያሰኛል ካሉ አንቀጽ 142 ይመጣል። አሁን ተራው የተከሳሹ ነው። ቃሉን ይሰጣል፣ ምስክር ይጠራል።

«ካልተስተባበለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። የተከሳሹ ወገን ገና አልተሰማም።

ተከሳሹ መናገር ከፈለገ ከምስክሮቹ ቀድሞ ይናገራል። መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ቃሉን ለመፈተን ተቃራኒው ወገን የሚያነሣው ጥያቄ፣ አይቀርብለትም። ዳኞች ግን ግልጽ ያልሆነውን እንዲያብራራ ሊጠይቁት ይችላሉ። ዝም ማለትም ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠርና በምስክርነት እንዲቀርብ ያለመገደድ መብት ይሰጠዋል። ሰፈር ውስጥ «ዝም ያለው ቢያደርገው ነው» የሚባለው ችሎት ፊት አይሠራም።

እሺ፣ ተናገረ እንበል። ሐሳባችንን መቀየር ያለብን መቼ ነው?

«አላደረግሁም» ሲል ብዙዎቻችን «ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?» እንላለን። እውነት ነው፣ ያደረገውም ይክዳል። ግን ያላደረገውስ ምን ሊል ነው? እሱም ያንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ ክህደቱ ብቻውን አያስጠረጥርም፣ አያድንምም። እንባውም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ላብ ሊያጠምቀው፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። አንደበተ ርቱዑ ደግሞ ሁሉንም ሊያሳምን ይችላል። በላ ልበልሃ ሲባል የኖረበት አገር ላይ የንግግር ውበት እንዴት እንደሚማርክ እናውቃለን። እኔ ግን በዚህ እንዳንሸነፍ እፈራለሁ።

ሚዛን የሚያነሣው ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ቅዳሜ ሌሊት ዕቃ አወጣህ ተብሎ ተከሰሰ እንበል። «ጠላቶቼ ናቸው ያስከሰሱኝ» ቢል ብዙም አልሄድንም። «የዚያን ሌሊት ደብረ ብርሃን የአክስቴ ልቅሶ ላይ ነበርኩ፣ እዚያው አደርኩ» ቢል ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። ድንኳን ውስጥ ያደረ ጎረቤት አለ፣ የእድር ሰው አለ፣ የአውቶቡስ ትኬት አለ። ውሸት ከሆነ በቀላሉ ይጋለጣል። ሰውየው ራሱን ለዚህ አጋልጦ መናገሩ ክብደት አለው። ከመናገሩ ይልቅ ደግሞ ተጣርቶ መገኘቱ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ እናቱና ወንድሙ ቢመሰክሩ ስለሚወዱት ብቻ ቃላቸው አይጣልም፤ ዝምድና የሌለው ሰው የተናገረው ሲጨመርበት ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ መልሱ ክሱን መንካት አለበት። ዕቃው መቼ እንደወጣ በውል ካልታወቀ፣ የቅዳሜው ልቅሶ እውነት ሆኖም ላያድነው ይችላል።

ደግሞስ ተከሳሹ ንጹሕነቱን እስከ መጨረሻው እንዲያረጋግጥ አይጠበቅበትም። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። መከላከያው በዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ላይ በቂ ጥርጣሬ ከፈጠረ ይበቃል። የተለየ ነገር የሚመጣው እንደ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ባሉ ክሶች ነው። ይህ ዓይነቱ ክስ በ2007 ዓ.ም በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ላይ አለ። እዚያ ከገቢው በላይ ሀብት የተገኘበት ባለሥልጣን ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ይጠበቅበታል። «የራሴ ነው» ማለት ብቻውን አያወጣውም።

አሁን «እንዲከላከሉ ተበየነ» የሚለውን ዜና ስሰማ ክሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ መከላከያ ምስክሮቹ የሚሰሙበት ቀጠሮ መቼ እንደሆነ እፈልጋለሁ።